ያን ጠዋት እምቢ ያለችው መኪና

ታደለ ቤንዚኑን በጎማ ቱቦ ስቦ የመጀመሪያውን ጉንጭ መሬት ላይ እንትፍ ሲለው ሽታው በረንዳዬ ድረስ መጣ። ወንበሬን ወደ ኋላ ሳብ አደረግሁ። ብዙ ስለቆመ ተበላሽቶ ነው ብሎ ይቅርታ ጠየቀኝ፣ አፉን በክንዱ እየጠረገ። ሽታው አስጠልቶኝ የሸሸሁ መስሎታል። አይ ታደለ! እኔ እኮ በዚህ ሽታ ተድሬ በዚህ ሽታ የወለድሁ ሴት ነኝ። ወጣትነቴን ሙሉ ትራሴም፣ ሻሼም፣ የልጄ ማዘያም የሚሸተው ቤንዚን ነበር። ሌላዋ ሴት ባሏ ሽቶ ገዝቶላት ስትንጎራደድ፣ እኔ ሠርግ ቤት ስገባ ጎረቤቶቼ "ክብሪት እንዳትጭሩ፣ ዘይነባ መጣች" እያሉ ይሥቁብኝ ነበር። ወንበሬን የሳብሁት ፊቴን እንዳያየው ነው።

መኪናዋ ከኒሙ ዛፍ ሥር ነው የቆመችው። ሰማያዊ ፒክአፕ ነበረች፤ አሁን ፀሐይ በልቷት ቀለሟ አይለይም። ዶሮዎቼ ኋላዋ ላይ ያድሩባታል። ልጄ ዘምዘም አዲስ አበባ ነው የምትኖረው፤ ጉልበትሽም አልቻለ፣ ቤቱን አከራይተሽ እኔ ጋ ነይ፣ መኪናዋንም ሽጫት እያለች በስልክ ስትነዘንዘኝ ከርማ በመጨረሻ እሺ አልኋት። ገዢው የካራቆሬ ሰው ነው፣ ሽንኩርት ሊጭንባት። ከተነሳች እንደ መኪና፣ ካልተነሳች እንደ ቁርጥራጭ ብረት ይወስዳታል። ታደለ ድልድዩ አጠገብ ጋራዥ ያለው ሰው ነው፤ ጸጉሩ ገብስማ ሆኗል፤ ከባለቤቴ ከሰይድ ጋር የሥራ ወዳጆች ነበሩ። ሲመጣ አንድ ነገር ብቻ ነው የነገርሁት።

"ብትነሳም ባትነሳም ለእኔ ግድ የለኝም። ያን ዕለት ምን ነክቷት እንደነበር ግን ፈልገህ ትነግረኛለህ።"

ያን ዕለት ስል የትኛውን ዕለት እንደሆነ ለሮቢት ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ጦርነቱ ቀርቦ ከተማው ነቅሎ የወጣበት፣ ሰው ቡናውን እሳት ላይ፣ ላሙን ከነእንቦሳዋ ጥሎ የሸሸበት ሰሞን ነው። የእኛ መኪና ያን ጠዋት አልነሳም አለች። እኔና ዘምዘም የዘምዘምን ሕፃን ይዘን በጎረቤት ሎሪ ወጣን፤ ሰይድ ጠግኖ፣ አልጋ ላይ የነበረች እናቱን ጭኖ ሊከተለን ቀረ። አልተከተለንም። ስንመለስ ከእናቱ ጎን ተቀብሮ አገኘነው። መኪናዋ ግን ግቢው ውስጥ ቆማለች። እኛ በሌለንበት የገቡት ታጣቂዎችም ሊወስዷት ሞክረው እምቢ ስትላቸው በሩ አጠገብ እስካለው ኒም ዛፍ ገፍተው አፍንጫዋን አጥሩ ላይ ደግፈው ትተዋት ሄደዋል። ሰዉ ለቅሶ ሊደርስ እየመጣ፣ አልሐምዱሊላህ መኪናዋ እንኳን ተርፋልሻለች ይለኛል። መኪናዋ! ከዚያን ቀን ወዲህ ነክቻት አላውቅም። በአጠገቧ ባለፍሁ ቁጥር ረግሜያታለሁ፤ አንድ ቀን ብቻ፣ ያችን አንድ ጠዋት ብቻ ብትታዘዘው ምን ነበረበት እላለሁ። ዓመት በዓል ሲመጣ እረግማታለሁ፣ የዘምዘም ልጅ ሰይድን አባባ ብሎ ሲጠራው በሕልሜ ስሰማ እረግማታለሁ። ልብሴን እንኳ እሷ ባለችበት በኩል አላሰጣም።

ድሮም ቢሆን አንዋደድም። ጣውንቴ ነበር የምላት። ሰይድ ሌላ ሚስት አላገባብኝም፤ ምን ያገባል፣ እሷ እያለችለት። የእጅ አምባሬ ተሽጦ ነው የመጣችው፤ ስለዚህ ግማሿ የእኔ ናት ብዬ እፎክር ነበር። እሱ ደግሞ ግማሿ ያንቺ ከሆነ ግማሹን እጠቢያ ይለኛል። ሁልጊዜ ጠዋት ከሱብሒ ሶላት ሲመለስ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ እኔ አይደለም፤ ወደ እሷ ነው። ኮፋኖዋን ይከፍታል፣ ዘይቷን ያያል፣ ውሃዋን ያያል፣ ጎማዋን በእግሩ መታ መታ ያደርጋል፣ እንደ ሰው ያዋራታል። እኔ ምን አደርሽ የምባለው እሷ ተጠይቃ ስታበቃ ነው። አላህ ይርሐመው፣ እጁን በኦሞና በአሸዋ ፈትጎ ፈትጎ ገበታ ሲቀርብ እንኳ ጥፍሩ ውስጥ ጥቁር ነገር አይጠፋም። እኔም የለመድሁትን ነው የጎረስሁት።

የተገናኘነው በዚያው በመኪና ጣጣ ነው። ያኔ ሮቢት እንዲህ አልነበረችም። አሁን ባጃጁ እንደ አንበጣ ነው፣ መንገድ ለመሻገር ዱዓ ማድረግ ያስፈልጋል። ያኔ ዋናው መንገድ ዳር ጥቂት ሻይ ቤቶች፣ አንድ ነዳጅ ማደያ፣ ከዚያ ወዲያ የሽንኩርትና የትምባሆ ማሳ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጡት አውቶቡሶች ለምሳ ሲቆሙ ለስላሳ የሚቀርበው በርሜል ውስጥ እርጥብ ጆንያ ለብሶ ነው፤ ቀዘቀዘ የሚባለው እሱ ነው። ሻይ በአሥር ሳንቲም። ማንጎ ማንም አይቆጥረውም፣ በሰፌድ ተሞልቶ ይሰጥሃል። ከሮቢት ደብረ ሲና በብር ከስሙኒ ይወጣ ነበር፤ ዶሮ የያዘ ደግሞ ለዶሮዋም ይጨምራል። ወንዶቹ ቤልቦቶም ሱሪ ለብሰው፣ የሱሪው አፍ አቧራውን እየጠረገላቸው፣ አፍሮአቸው ውስጥ ማበጠሪያ ሰክተው ነዳጅ ማደያው ጥግ ይቆማሉ። በዚያ ሐሩር ከላይ ቴትሮን ሸሚዝ ያደርጉበታል፤ ላባቸው በጀርባቸው ይወርዳል፣ ግን ማን ወንድ ነው የሚያወልቀው። እኛ ደግሞ አበባ ያለው ሽቲ ለብሰን፣ ኮንጎ ጫማችንን በአመድ ፈትገን አብርተን፣ ያላየናቸው መስለን እናልፋለን። እንዴት እንደምናይ እኛ ነን የምናውቀው።

ከአክስቴ ጋር ከሰንበቴ ገበያ ስንመለስ ነው። ሰይድ ያኔ የአንድ ነጋዴ ሾፌር ነበር፤ ሽርጥ አገልድሞ ነው የሚነዳው፣ ከዚያ ማደያ ጥግ ከሚቆሙት አንዱ አልነበረም። ቀትር ላይ ለሰው ማውረጃ ቆመ፣ ሞተሩን አጠፋ፣ ከዚያ በኋላ አልነሳ አለ። የቆላ በሽታ ነው ይኼ። ሙቀቱ ሲበረታ ቤንዚኑ ገና ሞተሩ ጋ ሳይደርስ ቧንቧው ውስጥ ይተንና ይዘጋል። ይኼን የማያውቁ የደጋ ሾፌሮች ከደብረ ሲና ወርደው እዚህ ሲቆምባቸው ያሳዝኑ ነበር። ማዳበሪያ አንጥፈው ሞተሩን ብሎን በብሎን ይፈቱታል፤ ያጥቡታል፣ ይነፉታል፣ መልሰው ይገጥሙታል። ያን ሁሉ ሲያደርጉ ሞተሩ ቀዝቅዞ ኖሮ ሲያስነሱት ይነሳል። አዳንሁት ብለው እየፎከሩ ይሄዳሉ፤ እኛ ዛፍ ሥር ሆነን እንስቃለን። ሰይድ ግን ምንም አልፈታ። ወርዶ ወደ ተሳፋሪው መጣና እርጥብ ጨርቅ ያላችሁ አለ። ሁሉም ጓዙን ጠበቅ አደረገ። እኔ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ሻሼን ፈትቼ በቅል ከያዝነው ውሃ ነክሬ ሰጠሁት። አክስቴ ክንዴን እንዴት አድርጋ እንደቆነጠጠችኝ! የቤንዚኑን ፖምፓ በሻሼ ጠቅልሎ ትንሽ ጠበቀና አስነሳው። ሻሹን አልመለሰልኝም። በሌላው ሳምንት ከደሴ ሁለት ሻሽ ገዝቶ እቤታችን ድረስ መጣ፤ አክስቴ ሁለቱን አገላብጣ አየችና፣ አንዱ የመኪናው ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። እንዲህ ነው ነገሩ የተጀመረው።

ከተጋባን በኋላ ጋቢና ውስጥ አጠገቡ ተቀምጬ ስንቱን ገበያ ዞርሁ። ገበያተኛ ሽማግሌዎች ሲሳፈሩ መንዙማ ይከፍትላቸዋል፤ እነሱ ሲወርዱና እኔና እሱ ስንቀር የፍቅር ዘፈን ያስገባል። ካሴቱ በሙቀቱ ተጣሞ ዘፋኙ እንደ ሰካራም ሲንተባተብ ሰይድ ያቋረጠውን ቃል እየሞላለት ይዘፍናል። ድምፅ የለውም፤ አህያ ይሻለዋል። መኪና መስማትም ያስተማረኝ ያኔ ነው። የማይነሳ መኪና ወይ ነዳጅ አጥቷል፣ ወይ እሳት አጥቷል፣ ሌላው ወሬ ነው ይለኝ ነበር። ቁልፍ ስትዞር ጨርሶ ድምፅ ከሌላት ባትሪ ነው፤ እየዞረች፣ እየዞረች ካልነሳች አንዱ ጎድሎባታል ማለት ነው። እንዲያው ሚስትም እንደዚሁ ናት ይልና ራሱ ይሥቃል። ጡጫ አቀምሰው ነበር።

አሁን ታደለ ያንኑ ነገር አንድ በአንድ ያደርጋል። የበሰበሰውን ቤንዚን ደፋ፣ ካርቡራቶሩን አጠበ፣ አዲስ ቤንዚን ጨመረ። ከጋራዡ ያመጣውን ባትሪ አሠረና ቁልፉን እንዳዞርለት ጠየቀኝ። እምቢ ልለው ነበር፤ ሌላ ሰው ግን ግቢው ውስጥ የለም። በሩን ስከፍተው ወንበሩ እዚያው ነው፣ ሰይድ መሪው ላይ የጠቀለለው ላስቲክ እዚያው ነው። ቁልፉን አዞርሁ። ማስነሻው ሞተሪኖ ይዞራል፣ ይዞራል፣ አይነሳም። ያው ድምፅ ነው። ያን ጠዋት የሰማሁት ያው ድምፅ፣ አንድም አልተለወጠም። ቁልፉን አልለቅ ስል ታደለ ይበቃል አለኝ፣ እኔ ግን ሥራህን ቀጥል አልሁት። እሳት የምትረጨውን ካንዴላ አውጥቶ ብረቱን ሞተሩ ላይ አስጠግቶ ያዘና እንደገና አዙሪ አለኝ። እሳት የለም። ሽቦውን እየተከተለ ሄደ፤ እዚህ ድረስ አለ ይላል ለራሱ፣ እዚህ ድረስ አለ። ከዚያ እሳቱን ለየካንዴላው የሚያከፋፍለውን ነገር ክዳኑን ከፈተና ቀጥ ብሎ ቆመ። ምን እንዳየ ላይ ከጋቢናው ወረድሁ።

ውስጡን አሳየኝ። መሀሉ ላይ ተቀምጣ የምትሽከረከር አውራ ጣት የምታህል ዕቃ አለች፣ ሮተር ይሏታል፤ እሳቱን ተቀብላ ወደ አራቱም የምታደርሰው እሷ ናት። ቦታዋ ባዶ ነው። ወልቃ ወድቃ ይሆን ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ክዳኑ በሁለት መቆለፊያ ተገጥሞ እንዴት ትወድቃለች አለኝ፤ ሰው ከፍቶ በእጁ አውጥቷት መልሶ በደንብ ዘግቶታል። ከዚያ ፊቱ በራ። የእኛ አገር ሾፌሮች፣ አለኝ፣ መኪና በማያምኑበት ቦታ ሲያቆሙ ይቺን ነቅለው ኪሳቸው ይከታሉ፤ ያለ እሷ ማንም ሊያስነሳው አይችልም። ጋሽ ሰይድ ብልህ ነበሩ፣ እንዳትወሰድባቸው ብለው ነው፣ ይኸው አተረፏት። ደስ ብሎት ነው የሚያወራው። የሞተ ወዳጁን ብልሃት ያገኘ ሰው ደስታ ነው።

እኔ ግን ልቤ ሌላ ቦታ ሄደ።

"እኛ ሳንወጣ እኮ ነው እምቢ ያለችው" አልሁት። "እኔው ራሴ ነኝ ያዞርኋት። ያን ጊዜ ማን ሊወስዳት ነው?"

ታደለ አየኝ፣ ክዳኑን አየ። ያኔ ሌላ ነገር ነክቷት ኋላ ደግሞ ሮተሯን አውጥተዋት ይሆናል አለኝ፣ ድምፁ እየሰለለ። እሱም ራሱ አላመነውም። ማወቂያው አንድ ነው፤ ሌላ ሮተር ገጥሞ ከተነሳች ሌላ ሕመም አልነበረባትም። ጋራዡ ውስጥ የእሷ ዓይነት ቢኖር አምጥቶ ይገጥም እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ከፈለግሽ ይቅር እትዬ፣ ለሰውየው በብረቷ እንስጠው አለኝ። ሂድና አምጣ አልሁት።

እሱ እስኪመለስ በረንዳው ላይ ተቀመጥሁ። እነዚያን ዓመታት ሁሉ ባትነሳም ግድ የለኝም ስል ነበር፤ አሁን ግን እንዳትነሳ ዱዓ አደረግሁ። ያ አላህ፣ ሌላ ሕመም ይኑርባት፣ የተሰበረ፣ የተቃጠለ ነገር ይኑር አልሁ። ምክንያቱም አንድ ነገር አውቅ ነበር፤ ሳውቀው የኖርሁት፣ ግን ከመኪናዋ ጋር ያላገጣጠምሁት። ጎረቤታችን እትዬ ሐዋ እርጅና ይዟት ሳትሸሽ የቀረች ናት። ከስደት ስንመለስ የነገረችኝ እሷ ናት። አማቴ እማ ሐሊማ ዋዜማውን ሰይድን በአላህ አስምላዋለች፤ ከዚህ ቤት እንዳታወጣኝ፣ መንገድ ላይ አልሙት፣ ከአባትህ አጠገብ ቅበረኝ ብላዋለች። እሱ ለእኔ የነገረኝ ሌላ ነው። እናቴ እሺ ብላለች፣ መኪናዋን ላስነሳና ፍራሽ ኋላዋ ላይ ዘርግቼ አስተኝቼ አመጣታለሁ ነው ያለኝ። እትዬ ሐዋ ስትነግረኝ አሮጊቷ ኋላ ሐሳቧን ለውጣ ይሆናል ብዬ አለፍሁት። ሰይድ ውሃ ሊቀዳላት ወደ ቦኖው ሲወጣ የባከነች ጥይት አገኘችው፤ እናቱም ከእሱ በኋላ አልቆየችም። ከዚህ በላይ ማወቅ አልፈለግሁም ነበር።

ታደለ መጣ። ያመጣትን ሮተር ገጠማት፣ ክዳኑን ዘጋ፣ ራሱ ገብቶ ቁልፉን አዞረ። ገና አንዴ ሲያዞራት ተነሳች። ጭስ ለቀቀች፣ ትንሽ አነጠሳት፣ ከዚያ ድምፅዋ ተስተካከለ። ዶሮዎቹ ተበታተኑ። ያን ድምፅ ከግድግዳ ወዲያ ብሰማው ከሺህ መኪና እለየዋለሁ። ወላሂ፣ ሰይድ የግቢውን በር ሊያስከፍት የቆመ መሰለኝ፤ ተነስቼ ልከፍትለት ሁለት እርምጃ ሄጄ ነበር። ታደለ ከጋቢናው ሳይወርድ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ሞተሩን ላጥፋው አለኝ፣ ተወው ይዙር አልሁት፣ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ። ዘምዘም ያን ሰዓት ደወለች፤ አላነሳሁላትም። አባትሽ ሊከተለን አልነበረም የቀረው ብዬ በስልክ እንዴት እነግራታለሁ?

እንግዲህ ያን ጠዋት አሁን ነው የማየው። ከሱብሒ ተመልሶ እንደ ልማዱ ወደ መኪናዋ ሄደ፤ ረዘም ያለ ጊዜ ቆየ። ከዚያ ጠራኝና አልነሳ ብላለች፣ አንቺ አዙሪያት፣ እስቲ ስሚያት አለኝ። በሕይወቱ ቁልፍ ሰጥቶኝ የማያውቅ ሰው ቁልፉን ሰጠኝ። አዞርሁ፣ ሰማሁ፣ መሰከርሁ። እኔን ምስክር አደረገኝ። እናቴን ጥዬ አልሄድም፣ አንቺ ልጅሽን ይዘሽ ሂጂ ቢለኝ ምን እንደምመልስለት ያውቃል። ፍራሹን አንጥፌ ከእናቱ እግር ሥር እቀመጥ ነበር። ዘምዘምም እኔን ጥላ አትሄድም፤ ሕፃኑም ከእሷ ጋር ነው። ስለዚህ የሚወዳትን መኪና በገዛ እጁ ገደላት፤ ጥፋቱንም እሷ ላይ ጣለ። እኔም ስረግማት ኖርሁ።

ሎሪው ደጃፋችን ቆሞ ጡሩንባውን ይነፋል። ሕፃኑን ተቀብሎኝ ሎሪው ላይ ካወጣኝ በኋላ አቀበለኝ። ስንቅ ይዛችኋል ወይ አለኝ። ይዘናል አልሁት። እስከ አስር ሶላት ደብረ ሲና እደርስባችኋለሁ፣ ብርድ ነው ጋቢውን ልበሺው አለኝ። መሰነባበት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ለግማሽ ቀን ማን ይሰነባበታል። ወዲያው ዞሮ ወደ መኪናዋ ሄደ፣ ኮፋኖውን ከፈተና እስከ ትከሻው ገባበት። ሎሪው ሲነሳ "ሰይድ!" ብዬ ተጣራሁ። ቀና አላለም፤ ከዚያው ጎንበስ እንዳለ በአንድ እጁ ሂዱ፣ ሂዱ አለን። ደጋግሜ ጠራሁት። ጉድለቷን እየፈለገ ነው፣ አታስቸግሪው አለችኝ ዘምዘም። እውነቷን መስሎኝ መጣራቴን ተውሁ። ሎሪው ጥግ እስኪታጠፍ ጀርባውን እያየሁ ሄድሁ።

እዚያ ውስጥ የሚፈለግ ጉድለት አልነበረም። የጎደለው ኪሱ ውስጥ ነበር። ቀና ብሎ ቢያየኝ ፊቱን አይቼ ከሎሪው እወርድ ነበር። ይኼንንም ያውቅ ነበር።